ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ስለ ሥልጠናሽ

ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። መልእክትሽ በመጣ ቁጥር «ነገ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» እላለሁ፣ ነገ ሳምንት ይሆናል፣ በኋላማ መጻፉ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ። ሰሞኑን ግን ጤና ጣቢያ በሌለበት አካባቢ የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ልታሠለጥኚ ነው ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጠፋሁትም ከዚሁ ሥራ በተነሣ ሐዘን ነበርና።

የነበርኩበትን ፕሮጀክት ታስታውሻለሽ። ያሠለጠንናቸው ሴቶች እንዴት ያሉ ጎበዞች ነበሩ መሰለሽ! የሚያስለው ሕፃን ሲመጣ ልብሱን ገለጥ ያደርጉና ሰዓት ይዘው አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቆጥራሉ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ተቅማጥ ለያዘው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ጨውና ስኳር) እና የዚንክ ክኒን ይሰጣሉ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን እስከ 10 ወይም 14 ቀን እንዳታቋርጥ እናቲቱን ደጋግመው ይነግሯታል። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን፣ ማለትም ምግብ ክፉኛ ያነሰውን ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይልካሉ። ይህን ሁሉ በእግራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ።

ደመወዝ ግን አልነበራቸውም። «በጎ ፈቃደኞች ናቸው» ተባለ፤ የተሰጣቸው ቲሸርት፣ ቦርሳና የምስክር ወረቀት ነው። ዓመት ሳይሞላ ግማሾቹ አልነበሩም። አንዷን ፈልጌ አገኘኋትና ለምን እንደተወች ስጠይቃት «ሥራውን ጠልቼ አይደለም፣ የቀን ሥራ ስላገኘሁ ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? ሳትበዪ ዋዪ ልበላት? ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሥራው ከማንም ጋር ማውራት ከበደኝ፣ ካንቺም ጋር።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት በጀቱን እይልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ክፍያቸው ከሥራው ክብደት፣ ከሚሠሩበት ሰዓትና ከወሰዱት ሥልጠና ጋር የሚመጣጠን ይሁን፣ የጽሑፍ ውልም ይኑራቸው ይላል። በሠሩት ቁጥር ብቻ፣ ወይም በዋናነት በዚያ መክፈልንም አይመክርም። ምክንያቱ ይገባሻል፤ የሚከፈልበት ሥራ ይሠራል፣ የማይከፈልበት ይረሳል። ሕንድን እይ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው አሻ የሚባለው የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ፕሮግራም አንድ ሚሊዮን ገደማ ሴቶች አሉት፣ በ2022 ከዓለም ጤና ድርጅት ሽልማት አግኝተዋል፣ ግን ክፍያቸው በአብዛኛው በየሥራው የሚታሰብ ማበረታቻ ስለሆነ ቋሚ ደመወዝ ይሰጠን እያሉ ስንት ጊዜ አደባባይ ወጡ። የኢትዮጵያው የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ ከዚያም የመንግሥት ደመወዝ ብሎ ነው የተነሣው። ችግር የለበትም እያልኩሽ አይደለም። ግን ልጅቷ ተቀጣሪ መሆኗን ታውቃለች።

ምርጫው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ነዋሪው ራሱ ይምረጥ፣ የተመረጠችውም እዚያው የምትኖር ትሁን። «ያገባች መሆን አለባት» የሚሉ ከመጡ እሺ አትበያቸው፤ ያው መመሪያ የጋብቻ ሁኔታ መስፈርት እንዳይሆን ይናገራል።

ሥልጠናውን በክፍል ውስጥ አትጨርሺው። ትንፋሽ መቁጠር በስላይድ አይለመድም፣ የሚያለቅስና የሚፈራገጥ ሕፃን ፊት ነው የሚለመደው። ከሁሉ በላይ ግን ከሥልጠናው በኋላ ማን አጠገቧ እንደሚቆም አስቢ። እኛ ጋ ተቆጣጣሪው በሦስት ወር አንዴ ይመጣና መዝገቡን አይቶ፣ ፈርሞ ይሄዳል። ሠራተኛዋ ትንፋሹን በትክክል ትቁጠር አትቁጠር አይቶ አያውቅም። አንቺ ጋ አብሯት ቤት ለቤት የሚሄድ፣ ስትሠራ የሚያይ፣ የሳተችውን እናትየው ፊት ሳያሳፍር የሚያርም ሰው ይኑር፤ ለዚህ ሰው መጓጓዣም ከአሁኑ ያዢ፣ እኛ የረሳነው እሱን ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ። ለሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ለሠራተኛዋ አለቀባት እንበል። እናቲቱ የታመመ ልጇን አዝላ መጥታ «የለም» ከተባለች በሚቀጥለው ጊዜ የሠራተኛዋን በር አልፋ ትሄዳለች። ያን እምነት መመለስ እንዴት እንደሚከብድ በዓይኔ አይቻለሁ።

በጀቱ ገና ረቂቅ ከሆነ ላኪልኝ፣ ከደመወዙ መስመር ጀምሬ አየዋለሁ። የውጭ ገንዘቡ ሲያልቅ ለሴቶቹ ማን እንደሚከፍላቸውም ከአሁኑ ኃላፊዎቹን ጠይቂ፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ተቀበዪ። እሁድ ማታ እደውልልሻለሁ፣ እንዳትተኚ።

ያንቺው