ፋሲል ሲቸገር ማንን እንደግፍ?

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የጎንደሩ እግር ኳስ ክለባችን የፋሲል ከነማ ውጤት ሲከፋብን አንዳንዶቻችሁ ኳስ ማየት ጭራሽ እንደተዋችሁ ሰምቻለሁ። ይገባኛል፤ አፄዎቹ ፋሲሎች ሲሸነፉ እኔም እራት አይወርድልኝም። በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ በደስታ ያለቀስን ሰዎች ነን።

ሆኖም እስኪያገግሙ ሌላ ቡድን መደገፍ ክህደት አይደለም። በነሐሴ 2011 በአፍሪካ ክለቦች ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን ክለብ አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸንፈነው፣ በመልሱ 3 ለ 1 ረትቶ አስወጣን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር ያንኑ አዛም በመለያ ምት ያሰናበተው ማን ነው? የባሕር ዳር ከተማ ክለብ! የዚያን ቀን ጮቤ ረገጥሁ፤ ቁስሌን የጠገኑልኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እርስ በርስ ስንገናኝ ግን ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ አልደራደርም።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ፒያሳ በተለመደው ቤት እንገናኝ። የፋሲል ጨዋታ ባይኖርም የጣና ሞገዶቹን፣ ባሕር ዳር ከተማዎችን፣ አብረን እናያለን። የቀሩትንም ወንድሞችና እህቶች ጥሯቸው። ማልያው ግን የፋሲል ይሁን።