የጥጥ ገበሬዎቹን ላስተዋውቅህ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ ደህና ናቸው? ልጆቹ መቼም አድገው እኔን አያውቁኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዘመ። ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ሰላምታውን ብቻ ተለዋውጠን እንዘጋዋለን። የምነግርህ ነገር ስላለኝ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ።

ትምህርት ጀምሬያለሁ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። የማጠናው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረውን የአሜሪካ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ነው። «ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ ታሪክ ይማራል እንዴ?» እንደምትል ይገባኛል። እዚህ ያሉ ዘመዶቼም ነርሲንግ ግባ እያሉ ለምነውኛል። እኔን ግን ይሄ ነገር ይዞኛል፤ መጽሐፉን ዘግቼ እንኳ ከጭንቅላቴ አይወጣም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

በ1929 ጥቅምት ላይ ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ሰው ሥራ አጣ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መጣ። ሁላችንም የምናውቀው ይሄን ነው። ውሸት አይደለም። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም። ነገር ግን ይሄ የከተማው ታሪክ ነው። ለገበሬው ክፉው ዘመን የጀመረው በ1920 ነው። በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ አውሮፓ እህል አጥታ ስለነበር የአሜሪካ ገበሬ ብዙ አምርት ተባለ። እሱም ተበድሮ መሬት ገዛ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። የከተማው ሰው ፎርድ መኪናና ሬዲዮ በየወሩ እየከፈለ ሲገዛ፣ የገጠር ባንኮች በየዓመቱ በመቶዎች ይዘጉ ነበር። ስለዚህ «የብልጽግናው ሃያዎቹ» የሚል ሳነብ፣ ለማን? እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰዱት ግን የደቡቡ የጥጥ አራሾች ናቸው። አርካንሳስ፣ ሚሲሲፒ፣ አላባማ። የእኩል አራሽ ናቸው፤ ጥቁርም ነጭም አለባቸው። ባለመሬቱ መሬቱን፣ በቅሎውንና ዘሩን ይሰጣል፤ አዝመራው ሲገባ ግማሹን ይወስዳል። እስከዚያው ቤተሰቡ የሚበላውን ዱቄትና ስብ ብዙ ጊዜ ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ ያወጣል፣ ወለዱ ከባድ ነው። መዝገቡ ያለው በባለመሬቱ እጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ሲተሳሰቡ «ዘንድሮም ዕዳ አለብህ» ይባላል። ሂሳቡን አሳየኝ ማለት ለጥቁር አራሽ ሕይወት ሊያስከፍል ይችል ነበር። በ1919 አርካንሳስ ውስጥ ኢሌን በምትባል ቦታ ጥቁር አራሾች ትክክለኛ ሂሳብ እንጠይቅ ብለው ተደራጁ። ተጨፈጨፉ።

በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ 17 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር፤ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ወረደ። ሩዝቬልት በ1933 ሥልጣን ሲይዝ መንግሥት ዋጋውን ለማንሳት ምርቱን መቀነስ አለብን አለ። ጥጡ ግን ተዘርቶ በቅሏል። እናም 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ እንዲታረስ ተደረገ። በቅሎዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተክሉን እንዳይረግጡ የተገሩ ስለነበሩ በላዩ አንሄድም ብለው አስቸገሩ ይባላል። ሕዝብ ልብስ አጥቶ በሚራቆትበት ዓመት! ይሄን ሳነብ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

መንግሥት ለታረሰው ጥጥ የከፈለው ካሳ የተላከው ለባለመሬቱ ነው። ለአራሹ እንዲያካፍል ይጠበቅ ነበር። ብዙዎቹ ባለመሬቶች ግን ያችን ድርሻ ለዕዳ ብለው ያዟት። ይባስ ብሎ የሚታረሰው መሬት ሲያንስ አራሹም ትርፍ ሆነና ተባረረ። አንዳንዱ ባለመሬት በመንግሥት ገንዘብ ትራክተር ገዝቶ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ጀመረ። በ1935 እዚያው ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ያሉ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች «ባለመሬቱ አራሾቹን ማባረር የለበትም» ብለው ሕጉን ተረጎሙ። ከሥራ የተባረሩት እነሱ ሆኑ።

ሩዝቬልትን ለማውገዝ አይደለም የምጽፍልህ። ወጣቶችን ደን እንዲተክሉ ቀጥሮ በወር 30 ዶላር ሲከፍል 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር፤ ስንት ቤት ከረሃብ አውጥቷል። ግን ምክር ቤቱ ውስጥ ዋና ዋና ኮሚቴዎችን የያዙት የደቡብ ሰዎች ነበሩ፣ ያለ እነሱ ድምፅ ሕግ አያልፍም። የ1935ቱ የጡረታ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ውጭ ሲተው፣ ከጥቁር ሠራተኞች ከግማሽ በላይ ውጭ ቀሩ። የመንግሥት ዕርዳታም ቢሆን ገጠር የሚደርሰው በዚያው በአካባቢው ሹም እጅ አልፎ ነው። እኔ የያዝኩት ሐሳብ ይሄ ነው፤ ገንዘቡ መመደቡን ትተን በማን እጅ እንዳለፈ እንጠይቅ። መምህራችን በዚህ አልተስማማም፣ ክርክራችን አላለቀም።

አራሾቹ ደግሞ ዝም አላሉም። ሐምሌ 1934 አርካንሳስ ውስጥ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰብስበው የአራሾች ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቀመጥ ራሱ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስበው። ተደበደቡ፣ ተተኮሰባቸው፤ ማኅበሩ ግን አደገ። ጥር 1939 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ከሺህ በላይ የተባረሩ አራሾች ምድጃቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በሁለት አውራ ጎዳናዎች ዳር ሰፈሩ። አላፊ አግዳሚው አይቶን ይለፍ ብለው ነው። መንግሥት የላከው አርተር ሮትስታይን የሚባል ፎቶ አንሺ አንስቷቸዋል። ፎቶዎቹ ዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ በኢንተርኔትም በነፃ ይታያሉ። እባክህ እያቸው።

የእኛም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር የፈቀደው። ጣልያን በ1935 ሲወርረን ደግሞ በኢኮኖሚ ድቀቱ የተጎሳቆሉት የኒው ዮርኳ ሃርለም ጥቁሮች ሰልፍ ወጡልን፣ ከሌላቸው ላይ አዋጡልን። በዚያ ጦርነት ለእኛ የበረረው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ያደገው እዚያው ሚሲሲፒ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ በኋላ በ1937 ኒው ዮርክ የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው በእነዚህ ሰዎች መሀል ነው። ይሄ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፌን ልጀምር ነው። ርዕሱ ያ የባለመሬቱ የዕዳ መዝገብ ነው፤ ማን ያዘው፣ ምን ተጻፈበት፣ አራሹ ማንበብ ካልቻለ ሂሳቡን በምን ያስታውስ ነበር። አንድ ነገር ልለምንህ። አባትህ የጭሰኛ ልጅ ነኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። አያትህ ከባለርስቱ ጋር ሂሳብ ሲተሳሰቡ እንዴት እንደነበር ጠይቅልኝ። የሚጻፍ ነገር ነበር ወይስ በምስክር ነው? ዕዳ ለልጅ ይተላለፍ ነበር? በድምፅ ብትቀዳልኝማ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለጽሑፉ ባይሆን እንኳ ለራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባባን ሳምልኝ። መልስህን ቶሎ ላክ።

የአንተው ወንድም