የሕዋ ሳይንስ ክበብ፦ ጥላ ስናሳድድ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን እንደ ሌሎቹ ሁሉ መስከረም ላይ አባላት መዝግቦ፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጦ፣ ዕቅድ አጽድቆ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ዘንድሮ ለየት ያልነው ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘን በመክረማችን ነው፦ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ከነጥብ በላይ ሆኖ የማይታይ አካል ቅርጹ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄውን ያመጣችው ስለ አሮኮት ያነበበች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሮኮት ከኔፕቱን ወዲያ ማዶ፣ ከእኛ 6.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፀሐይን የሚዞር፣ ርዝመቱ ከ40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ አካል ነው። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 በአጠገቡ ስታልፍ ፎቶ አነሳችው። ልጅቷን የገረማት ግን ሳይንቲስቶቹ ገና በ2017 ሁለት አካል ተጣብቆ ወይም ተጠጋግቶ ሊሆን እንደሚችል መገመታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አካሉ ከአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ጥላውም ምድር ላይ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2017 አርጀንቲና ውስጥ 24 ቡድኖች ቴሌስኮፕ ተክለው በጥላው መንገድ ላይ ተደረደሩ፤ አምስቱ ቀናቸው። የኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ ከተማ የመንገድ መብራት አጠፋችላቸው፣ አውራ ጎዳናው ተዘጋ፣ ከባድ መኪኖች ነፋስ እንዲከልሉ ቆሙ። ይህ ሁሉ ቢበዛ ለሁለት ሰከንድ ጨለማ! በሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

እኛ በድንች ሞከርነው። የላቦራቶሪውን መስኮት ጋርደን ፕሮጀክተር አበራን፤ ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ነጥቦች አደረግን። ለየነጥቡ አንድ ተማሪ፣ አንድ የተጠቀለለ ወረቀትና አንድ የስልክ ስቶፕዎች። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ሰዓቱን ያስነሳል፤ እኔ ከፕሮጀክተሩ ፊት በክር ያንጠለጠልኩትን ነገር በዝግታ እጎትታለሁ። በጥቅሉ ወረቀት የሚታያቸው የየራሳቸው ነጥብ ብቻ ነው፤ የጠቆረበትንና መልሶ የበራበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ጊዜውን በጥላው ፍጥነት አባዝተው በካሬ ወረቀት ላይ ሲያሰምሩ ከላይ ረጅም፣ መሃል ላይ አጭር፣ ከታች እንደገና ረጅም መስመር ወጣ። “8 ቁጥር ናት!” ብሎ አንዱ ጮኸ። ሁለት ድንች በስቴኪኒ አያይዤ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያለውን ነጥብ የያዘው ልጅ “እኔ ምንም አላየሁም፣ ስሜን ሰርዙኝ” ብሎ አኮረፈ። ድንቹ የት ጋ እንደሚያበቃ የነገረን ግን የእሱ ባዶ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017 በአርጀንቲናና በደቡብ አፍሪካ የተሰማሩት ቡድኖችም ኮከቡ ሲጠፋ አላዩም፤ አካሉ ከተገመተው ያነሰ ሳይሆን አይቀርም የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

“ለምን ሁልጊዜ አርጀንቲና?” ላሉት መልሱ ሴኔጋል ሆነ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2018 የአሮኮት ጥላ በሴኔጋልና በኮሎምቢያ ሲያልፍ፣ ሴኔጋላዊው ማራም ካይሬና የአገሩ ባልደረቦች ከናሳ ቡድን ጋር አብረው ቴሌስኮፕ ተክለዋል። ዛሬ በካይሬ ስም የሚጠራ አስትሮይድ አለ። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ ዝም አሉ፤ እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ወደድኩት።

በጥር አንድ ምሽት ሜዳው ላይ በባይኖኩላር ተሰብስበን ጨረቃ በጨለማው ጠርዟ አንድ ኮከብ ስትጋርድ ጠበቅን። ጨረቃ አየር ስለሌላት ኮከቡ ቀስ እያለ አልደበዘዘም፤ እልም አለ። ጎን ለጎን የቆሙ ልጆች የያዙት ሰዓት ግን እስከ አንድ ሰከንድ ይለያይ ነበር፤ ዓይን ካየ በኋላ ጣት እስኪጫን ጊዜ ይወስዳል። የአሮኮት ጥላ በሰከንድ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥ፣ በጣት የተያዘ ሰዓት አካሉን ግማሽ በግማሽ ይቆርጠዋል ወይም ያስረዝመዋል። አርጀንቲናና ሴኔጋል የሄዱት ሰዓቱን ከጂፒኤስ የሚወስድ ካሜራ የያዙት ለዚህ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችንም በስልክ ቪዲዮ መቅረጽና ሰዓቱን ከምስሉ ላይ ማንበብ ነው፤ የስልክ ማቆሚያውን የ11ኛ ክፍል ልጆች ከወዲሁ ከእንጨት እየሠሩት ነው።