ላባው ድንች መሰለብኝ ላልሽው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት በስልክ፣ ኩዊልቱ ላይ (ጥጥ በመሀል ገብቶ የሚሰፋው ድርብርብ ልብስ ላይ) በስፌት ማሽን ስለምትሰፊው የላባ ጥለት ስናወራ «እማዬ፣ ላባዎቼ ሁሉ ድንች መሰሉ» ስትዪኝ ሳቄ መጣ። በስልክ የማይነገር ነገር ስለሆነ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ለጊዜው ማሽኑን ሸፍኚው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። መጀመሪያ ላባዎቹ ግራና ቀኝ የሚነሱበትን ግንድ ሣዪ፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን ለስለስ ብሎ የሚታጠፍ አንድ መስመር። ከዚያ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። እያንዳንዷ ላባ የልብ ቅርጽ ግማሽ ናት፤ ከግንዱ ተነስተሽ ወደ ውጭና ወደ ላይ ትሄጃለሽ፣ አናቷ ላይ ሰፋ አድርገሽ ትዞሪያለሽ፣ ከዚያ ወደ ግንዱ ትመለሻለሽ። ድንች የሚያደርጋት ይቺ መመለሻ ናት። አንቺ ቸኩለሽ ግንዱን በአግድም ትመቺዋለሽ። ጅራቷ ግን ወደ ታች እየቀጠነች ተንሸራታ ነው ግንዱን መግጠም ያለባት። የሚቀጥለዋ ላባ እዚያው ከደረስሽበት ትነሳለች፣ ሆዷም የቀደመችውን ሊነካ ምንም አይቀረው። በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት ብትቀር አትጨነቂ፣ እንዲያውም ያምራል። አንዱን ጎን ስትጨርሺ ግንዱን ይዘሽ ወደ ታች ውረጂና ሌላውን ጎን ጀምሪ። እስክሪብቶው ከወረቀቱ አይነሳም። ስልክ እያወራሽ መሣል ስትችዪ ያኔ ወደ ማሽኑ ተመለሺ።

ማሽኑ ላይ ጨርቁን ከሥር የሚስበውን ጥርስ ዝቅ አድርጊ፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነውንም እግር ለዚህ ሥራ በተሠራው፣ ከመርፌው ጋር ብድግ ዝቅ በሚለው ቀይሪው። ጥርሱ ከወረደ በኋላ ጨርቁን የሚስብልሽ የለም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጎንም የምትወስጂው አንቺ ነሽ። የስፌት ርዝመት ቁጥሩም ዋጋ የለውም፤ ርዝመቱ ያለው በፔዳሉና በእጅሽ መካከል ነው። እጅ ከቀደመ ስፌቱ ይረዝማል፣ ፔዳል ከቀደመ ይደቃል። ጀማሪ ሁሉ ፔዳሉን ይፈራና እጁን ያስሮጣል፣ እኔ ግን የምልሽ ሞተሩን ሳትቀያይሪ በመካከለኛ ፍጥነት ያዢው፣ እጅሽ ይረጋጋ። በተለይ ኩርባ ላይ። እዚያ እጅ ሳይታወቅ ይፈጥናል፣ የላይኛው ክር ወደ ጀርባ ይሳብና የታችኛው ክር ቀጥ ብሎ ተኝቶ ዳርና ዳሩ ትናንሽ ቀለበት ያወጣል። ስለዚህ ስትለማመጂ ቶሎ ቶሎ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ስትጀምሪም የታችኛውን ክር ወደ ላይ አውጥተሽ ሁለቱን ያዢያቸው፣ አለዚያ ከታች ጉድ ይሆናል። ዓይንሽ መርፌው ላይ አይተከል፤ ቀጥሎ የምትሄጂበትን እዪ።

ደግሞ እንግዳ ነገር አይምሰልሽ። ሽሮሜዳ የሲንጀር ጥልፍ የሚሠሩት ሰዎች ጨርቁን በክብ መወጠሪያ ወጥረው፣ በእጃቸው እያዞሩ የቀሚሱን መስቀል ሲያወጡ አይተሻል አይደል? ሥራው ያው ነው። ኩዊልት ላይ የሚከብደው ፊቱ፣ መሀሉ ጥጡ፣ ጀርባው ተደራርበው ሦስት መሆናቸውና መክበዳቸው ነው። መዳፉ ጎማ ያለው ጓንት አድርጊ፣ እጅሽ አይንሸራተትም፣ ትከሻሽም ያርፋል።

በፕላስቲክ የተቀደደ የላባ ቅርጽ እንግዛ ወይ ላልሽው፣ እኔ አልወደውም። አሜሪካ ውስጥ ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ ያሉት አሚሾች (የድሮውን ቀላል ኑሮ የያዙ ክርስቲያኖች ናቸው) ቅርጽ አስቀምጠው እየሣሉ፣ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ ያንን የላባ ጉንጉን በእጃቸው ይሰፉት ነበር፣ በእጅ ሲሆን መስመሩን ለመከተል ጊዜ አለ። በማሽን ግን መስመር እየተከተልሽ ከሰፋሽ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ስትስቺም መስመሩ ያሳብቅብሻል። ግንዱን ብቻ በውሃ በሚለቀው ሰማያዊ እስክሪብቶ ሥሪ። ቀለሙ በውሃ ሳይለቅ ካውያ እንዳታስነኪው፣ ሙቀት ያስቀረዋል።

«በማሽን ከሆነ ምኑ ሙያ ነው» ያለችሽ ሴትዮ ደግሞ ዘግይታለች። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ፣ ፓዱካ፣ ኬንታኪ በተደረገው የኩዊልት ውድድር ካረል ብራየር ፋለርት የምትባል የኩዊልት ባለሙያ ሥራ ታላቁን ሽልማት ወስዷል፤ በማሽን የተሰፋ ኩዊልት ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ንገሪያት። ወይም ተያት፣ ምን አደከመሽ።

ለአክስትሽ ልጅ ክርስትና የጀመርሽውን አሁን አትንኪው። ከተራረፈ ጨርቅና ከተረፈ ጥጥ መለማመጃ ደራርቢና እሱን ጨርሺው፣ ጠማማዋንም ላባ አትፍቺ፣ እለፊያት፤ አሥር ላባ ሲከባት ማንም አያያትም። ወደ ዋናው ስትመጪ ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፣ ቀጭን የጥጥ ክር። ነጭ ላይ ቀይ ክር አማረኝ ያልሽው በግንዱ ላይ የተመለስሽበትን ድርብ ስፌት ሁሉ ያጋልጥሻል። ቀዩን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው፣ ነጩን እኔ ዓርብ እልክልሻለሁ።

እናትሽ