የሚና ጨዋታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ስምንት ተኩላና አንድ ድብ

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ዘወትር ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል እየተሰበሰበ ሲጫወትና ሲሠራ ቆይቷል። አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ 14 ተማሪዎች ነበሩ። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ለመግለጽ ያህል፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከብበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አጫዋች የምንለው ተማሪ ደግሞ ዓለሙንና በውስጡ የሚገጥማቸውን ሁሉ ይተርካል፤ አንድ ድርጊት መሳካቱ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ 5ኛ እትሙን ነው። የዚህ እትም መሠረታዊ ደንቦች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቁ፣ ማንኛውም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊያነባቸውና ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው ይችላል፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ የተጠቀምነው በእነርሱ ነው።

ዘንድሮ ሥራችን ሁሉ በአንድ ችግር ዙሪያ የሆነው በጥቅምት ወር በአንዱ ዓርብ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። ድሩይድ የሚባለውን፣ ከተፈጥሮ ኃይል ቀድቶ እንስሳትን የሚያዝና ራሱም እንስሳ የሚሆን ገጸ ባሕርይ የያዘ የ10ኛ ክፍል ተማሪ 5ኛ ደረጃ በመድረሱ፣ «ኮንጀር አኒማልስ» የተባለውን ድግምት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ መሠረት ይህ ድግምት አንድ ከባድ እንስሳ፣ ወይም ሁለት መካከለኛ፣ ወይም አራት ቀለል ያሉ፣ ወይም ስምንት አነስተኛ እንስሳት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ያመጣል። ተማሪው ስምንቱን መረጠ፤ አጫዋቹም ተኩላ ሰጠው። እያንዳንዱ ተኩላ 11 የሕይወት ነጥብ (በጉዳት እየቀነሰ የሚሄድ፣ ሲያልቅም ከውጊያው የሚያስወጣ) እና 13 የመከላከያ ቁጥር (ጥቃት እንዲያገኘው ውጤቱ ሊደርስበት የሚገባ) አለው፤ የመንጋ አዳኝ በመሆኑ ወዳጁ ከጠላት አጠገብ ካለ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ የበለጠውን ይወስዳል፤ የነከሰውም ሰው እንዳይወድቅ ሌላ ሙከራ ማድረግ ይኖርበታል። በአንድ ዙር ብቻ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ለጥቃት 16 ጊዜ፣ ላለመውደቅ ደግሞ እስከ 8 ጊዜ መጣል አለበት ማለት ነው፤ ከዚያም የጉዳቱ ዳይስና በካርታው ላይ የሚንቀሳቀሱት ስምንት ምልክቶች ይከተላሉ። የዚያ ልጅ ተራ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠች የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዚያን ቀን ተራ የደረሳት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በጥሞና ተጫውታ ያለ አንዳች ቅሬታ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔን አስተማሪያቸውን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። የጠረጴዛው ጊዜ የሁሉም ነው፤ አንድ ልጅ ያገኘው ኃይል የሌላውን ልጅ ተራ የሚበላ ከሆነ፣ ማስተካከል የክበቡ ሥራ ነው።

ተማሪዎቹ በቀጣዩ ሳምንት የመጀመሪያውን መፍትሔ በኤክሴል ሠሩት። ለእያንዳንዱ ተኩላ አንድ ረድፍ ሰጥተው የሕይወት ነጥቡን፣ የቆመበትንና የወደቀበትን ሁኔታ መዘገቡ፤ ዳይሱንም በዘፈቀደ ቁጥር በሚሰጠው ቀመር ተኩት። ያልጠበቁት እክል ወዲያው ገጠማቸው። ያ ቀመር በገጹ ላይ ማናቸውም ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ራሱን እንደገና ስለሚያሰላ፣ የአንዱን ተኩላ ጉዳት በጻፉ ጊዜ የስምንቱም የጥቃት ውጤት ይለዋወጥባቸው ነበር። ሁለት ሳምንት ከታገሉ በኋላ ዳይሱን ከሠንጠረዡ አውጥተው በእጃቸው መጣልን መረጡ፤ ሠንጠረዡ የወጣውን ቁጥር ተቀብሎ ከጠላቱ መከላከያ ጋር በማነጻጸር የጉዳቱን ድምር ይሰጣቸዋል። ምርጫቸውን ደግፌዋለሁ፤ ዳይሱን በእጅ መጣል ከጨዋታው ደስታ ዋነኛው ነውና። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ከሁሉ የጠቀመንን ነገር ጨመረችበት። ድግምቱ ጸንቶ የሚቆየው ድሩይዱ ትኩረቱን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ጉዳት በደረሰበት ቁጥር 10 ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ቁጥር በዳይስ ማሸነፍ አለበት፤ ካልቻለ ስምንቱም ተኩላዎች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ተማሪዋ «ትኩረት» የሚል አንድ ሳጥን ከገጹ ራስ ላይ አስቀምጣ ስምንቱን ረድፎች ከእርሱ ጋር አሰረቻቸው፤ ሳጥኑ ውስጥ «የለም» ተብሎ ሲጻፍ ረድፎቹ ሁሉ ይደበዝዛሉ። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ተኩላ ሲነክስ አላየንም።

መልክ መለወጥ ከዚህ የበለጠ አስቸግሮናል፤ በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የተገኘውም ከእርሱ ነው። «ዋይልድ ሼፕ» በተባለው ችሎታ ድሩይዱ እንስሳ ሲሆን ጉልበቱ፣ ቅልጥፍናውና የአካል ጽናቱ የእንስሳው ይሆናሉ፤ ዕውቀቱ፣ ማስተዋሉና ግርማው ግን የራሱ ሆነው ይቀራሉ። የእንስሳው የሕይወት ነጥብ ሲያልቅ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ የተረፈውም ጉዳት ወደ ራሱ ነጥብ ይሻገራል። ለምሳሌ 19 የሕይወት ነጥብ ያለው ጥቁር ድብ ሆኖ ሲዋጋ 6 ነጥብ ብቻ ቀርቶት 10 ጉዳት ቢደርስበት፣ ድቡ ይጠፋና 4ቱ ከሰውየው ላይ ይቀነሳሉ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ልጆቹ ድብ በሆኑ ቁጥር የድቡን ቁጥሮች በሰውየው ቁጥሮች ላይ እየደረቡ ይጽፉ ነበር። ይህ ሁለት ስሕተት አስከተለ። በአንድ በኩል የድሩይዱ ዕውቀት ወደ ድቡ 2 ወርዶ ለአራት ሳምንታት ማንም ሳያስተውለው ቀረ፤ በሌላ በኩል ድቡ በተሸነፈ ጊዜ የሰውየው የቀድሞ ነጥብ ተደልዞ ስለነበር፣ 38 ነበር ወይስ 31 በሚል ጠረጴዛው ሁሉ ተከራከረ።

መፍትሔው የሰውየውን ረድፍ ፈጽሞ አለመንካት ሆነ። ሰውየው ከላይ፣ እንስሳው ከታች ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው ረድፍ ከሁለቱ እየመረጠ አሁን የሚሠራበትን ቁጥር ያሳያል። ልጆቹ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «የሚቀር»፣ «የሚለወጥ» እና «የሚበልጠው የሚወሰድ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አስምረው፣ ደንቡን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እያነበቡ እያንዳንዱን ቁጥር በቦታው አስገቡ። ሦስተኛው ዓምድ ያስፈለገው፣ ሰውየውም እንስሳውም በአንድ ሙያ የሠለጠኑ ሲሆን የእንስሳው ቁጥር ከበለጠ እርሱ ስለሚወሰድ ነው። እንግሊዝኛ ደንብን እንዲህ በጥንቃቄ ሲያነቡ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ አይቻቸው አላውቅም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ወላጅ ክፍያውን ሸፍነውልን «ፋውንድሪ» የተባለውን የዲጂታል ጠረጴዛ ፕሮግራም ተከልን። ክፍያው የአንድ ጊዜ ብቻ መሆኑና በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ የተቀሩት በክፍሉ የውስጥ መስመር በብራውዘር መግባት መቻላቸው፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሁኔታ ለእኛ የተሻለ አማራጭ አድርጎታል። ፕሮግራሙ መልክ ሲለወጥ አዲስ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ የቀድሞውንም ሳይነካ አስቀምጦ መመለሻ ቁልፍ ይሰጣል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ «የእኛው ሦስት ረድፍ ነው!» ብለው የተደሰቱት ደስታ እስካሁን አይረሳኝም። ተኩላዎቹ ግን እዚህም አልተኙልንም። የአንድ ተኩላን ምልክት ስምንት ጊዜ በካርታው ላይ ባኖሩ ጊዜ፣ ምልክቱ ከዋናው ቅጽ ጋር ተሳስሮ ስለነበር አንዱ ሲመታ ስምንቱም ቆሰሉ። ከዚህም ደንቡን ተማሩ፦ አንድ ብቻ የሆነ ገጸ ባሕርይ ምልክቱ ከቅጹ ጋር ይታሰራል፤ በጅምላ የሚጠራ እንስሳ ምልክት ግን ከቅጹ መፈታት አለበት። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ሠንጠረዦቹን አስቀድመን በወረቀት አትመን እንጠባበቅ ነበር።

መሣሪያው ሁሉን አይፈታም። ስምንቱን ተኩላ ፍጹም አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም እያለም ስምንት ተኩላ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ጠረጴዛውን ያጨናንቃል። ስለዚህ አባላቱ በየካቲት ወር ተወያይተው፣ በአንድ ጊዜ የሚጠሩ እንስሳት ከአራት እንዳይበልጡና ጠሪው ተራው ሳይደርስ ትእዛዛቱን አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ወሰኑ። ከኮምፒውተሩም በላይ ጊዜ የቆጠበልን ይህ ውሳኔ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልጆቹ የአገራችንን እንስሳት በሠንጠረዡ ማስገባት ፈለጉ። ለቀይ ቀበሮ የተኩላውን ቁጥሮች መነሻ አደረጉ፤ ነገር ግን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በባዮሎጂ ክፍል የተማረውን አስታውሶ፣ ቀይ ቀበሮ በቡድን ቢኖርም ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ብቻውን ስለሆነ የመንጋ አዳኝነቱ ብልጫ ሊሰጠው አይገባም አለ፤ ብልጫውም ተነሣ። የጅብ ጉዳይ ረዥም ውይይት አስነሣ። በነፃው ደንብ ተራ ጅብ 5 የሕይወት ነጥብ ብቻ ስላለው፣ አጥንት የሚሰባብረውን አውሬ ድምፅ በሌሊት እየሰሙ ያደጉ ልጆች ቁጥሩን አልተቀበሉትምና የራሳቸውን ጅብ ሠሩ። ሰው ጅብ ይሆናል የሚለው ነገር ግን በእኛ አገር ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ለብዙ ዘመን ተገልለዋል። ይህን ለልጆቹ በግልጽ ነገርኋቸው። እነርሱም በክበቡ ደንብ ላይ፣ በጨዋታችን ጅብ መሆን የሚችለው ድሩይዱ ብቻ እንደሆነና ከማንም ሙያና ወገን ጋር እንደማይያያዝ በጽሑፍ አሰፈሩ። ሐሳቡን በጽሑፍ ይስፈር ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ በዚህም እጅግ ኮርቼባቸዋለሁ።

ሁለት ወላጆች «መጥራት» እና «ድግምት» የሚሉትን ቃላት ሰምተው ሥጋት ስላደረባቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። አንድ ዓርብ አብረውን ተቀምጠው ልጆቻቸው የሚያደርጉት መቁጠርና መተረክ መሆኑን አይተዋል።

በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. የ2024 እትም ደንቦች እንዲሁ በነፃ ፈቃድ ሲለቀቁ፣ ዓመቱን ሙሉ የታገልንባቸው ሁለቱም ነገሮች ተለውጠው አገኘናቸው። አዲሱ «ኮንጀር አኒማልስ» ስምንት እንስሳ አያመጣም፤ በካርታው ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ የመንፈስ መንጋ ብቻ ያመጣል፤ የየራሱ የሕይወት ነጥብም የለውም። መልክ የለወጠ ድሩይድም የራሱን የሕይወት ነጥብ ይዞ ይቆያል፤ በደረጃው ልክ ጊዜያዊ ነጥብ ብቻ ይጨመርለታል። በጥሪው በኩል አዲሱ ደንብ እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ የ9ኛ ክፍሏን ተማሪ ተራ የሚመልስ ነውና። በመልክ ለውጡ ግን የቀድሞውን እመርጣለሁ። ድቡ ወድቆ የተረፈው ጉዳት ሰውየውን ሲያገኘው የነበረው የጠረጴዛ ጸጥታ በአዲሱ ደንብ አይገኝም። አባላቱም በድምፅ ብልጫ ጥሪውን በአዲሱ፣ መልክ ለውጡን በቀድሞው ደንብ ለመጫወት ወስነዋል።

በራሪ እንስሳ የሆነ ድሩይድ ከመሬት ያለው ከፍታ በሠንጠረዡ እንዴት እንደሚመዘገብ ገና አልተፈታም። የሠንጠረዡ ሁለት ቅጂዎች፣ አንዱ በአስተማሪው ኮምፒውተር፣ ሌላው በፍላሽ ዲስክ፣ ከታተሙት የእንስሳት ካርዶች ጋር በኮምፒውተር ክፍሉ ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል። በ2018 ዓ.ም. አጫዋች የምትሆነው ያቺው ከጠረጴዛው ጫፍ ትቀመጥ የነበረችው ተማሪ ስትሆን፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ በሰኔ ወር ተረክባለች።