ታክሲ ነጂዎቹ ፓርቲ አልነበራቸውም

ሰላም አዘጋጁ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ስለ ኑሮ ውድነት የሚነሳ እንቅስቃሴ ከፓርቲ ጋር ይሁን አይሁን ሲባል እኔ አይሁን ባይ ነኝ። የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሥራ ሲያቆሙ ከኋላቸው ፓርቲ አልነበረም፣ መንግሥት ግን ዋጋውን ቀነሰ። ፈረንሳይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ቢጫ ሰደርያ ለባሾች የተባሉት ሰልፈኞች ያለ ፓርቲ አደባባይ ወጥተው የነዳጅ ግብር ጭማሪውን አሰረዙ፤ በዓመቱ በስማቸው ለአውሮፓ ፓርላማ የተወዳደረው ቡድን ግን አንድ በመቶ ድምፅ እንኳ አላገኘም። በእርግጥ የ66ቱን ድል ደርግ ነው የወሰደው፣ ይሄ አይካድም። ለዚህም መፍትሔው በራሱ መዋጮ የሚቆም ማኅበር ይመስለኛል። ሰኞ ገበያ ስለ ጤፍ ዋጋ የምታማርር እናት "የየትኛው ፓርቲ ነሽ?" ከተባለች ዝም ብላ ቤቷ ትገባለች፤ እኔም ብሆን እገባለሁ።