የአባባ ምንሽርና የኔ ቀኝ ዓይን

ፍራንክፈርት አጠገብ፣ ጀርመን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የልጅ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጅሽ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። በስልክ ሁሌ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ" ተባብለን እንዘጋለን። ይሄ ግን በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሁለቱንም ነው፤ የቀኙ ብሷል። የፊታችን ሐሙስ ቀኙን ልሠራ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሳትደነግጪ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ማክሰኞ ማታ የተኩስ ክበብ እንደምሄድ ታውቂያለሽ። እዚህ አገር ትንሿ ከተማ ሳትቀር "ሹትሰንፈራይን" የሚሉት የኢላማ ተኩስ ማኅበር አላት። ከ20 ዓመት በፊት አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ ጀርመናዊ ነው የወሰደኝ። የምንተኩሰው በአየር ጠመንጃ ነው። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች እርሳስ ናት። ኢላማው 10 ሜትር ላይ ነው። ቅርብ ነው እንዳትይ፤ አስር የምታሰጠው የመሐሏ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች።

ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ እናሳርፋለን። 30 ጊዜ ይተኮሳል፣ ሙሉው ነጥብ 300 ነው። እኔ ከ290 ወርጄ አላውቅም ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ 280 ሆነ። ከዚያ 271።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠመንጃውን ነው። ወልውዬ አየሁት። የማነጣጠሪያውን ብርጭቆ አጸዳሁ። አምፖሉ ደክሟል ብዬ አስቀየርኩ። ጥይት ለወጥኩ። ጓደኞቼ ሁሉ እዚያው ቦታ፣ በዚያው አምፖል፣ እንደ ድሮው ይመታሉ።

አነጣጠሩ እንዲህ ነው። ከኋላ በትንሽ ቀዳዳ ታያለሽ። ፊት ለፊት፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ቀለበት አለ። የኢላማው ጥቁር ክብ ቀለበቱ መሐል ሲገባ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። መስመሯ በሁሉም በኩል እኩል ስትሆን ትንፋሽሽን ይዘሽ ቃታውን ትስቢያለሽ። ሥራው በሙሉ ያቺ ነጭ መስመር ላይ ነው። እሷ ጢስ መሰለችብኝ። የኋላውን ቀዳዳ ሳጠበው ይጠራል፣ ግን ይጨልማል። ሳሰፋው ብርሃን ይገባል፣ ግን ሁሉም ይደበዝዛል። ያንን ቀዳዳ ስከፍትና ስዘጋ ስንት ማክሰኞ አለፈ!

አንድ ማታ ቀለበቱ ሁለት ሆነብኝ። ግራ ዓይኔ ተሸፍኗል፤ የማየው በቀኙ ብቻ ነው። ግን ሁለት ነው። ጠመንጃውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

አባባ ትዝ አለኝ። ያን ጠዋት ታስታውሺያለሽ? ዝንጀሮ በቆሎው ውስጥ ገብቶ፣ እሱ ምንሽሩን ይዞ ወጥቶ፣ ሳይተኩስ ተመለሰ። "ጫፉ ሁለት ሆነብኝ" አለ። በዚያው ሰሞን ጠመንጃውን ለአጎታችን ሰጠው። ሰው ሲጠይቀው "እርጅና ነው" ይል ነበር። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ ተቀምጦ እኛን በድምፃችን ይለየን ጀመር።

እርጅና ብቻ አልነበረም እታለም። ሞራ ነበር። የሚነሳ ነገር ነበር። ይሄን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት የላክሽልኝን ነጠላ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ነበር። ቢጫ ሆኖ ስለታየኝ አርጅቷል ብዬ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። መስኮት ላይ ዘርግቼ ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ነጣ። ግራዬን ስሸፍን ቅቤ መሰለ። እየቀያየርኩ ብዙ አየሁት። ነጠላው ምንም አልሆነም፤ በቢጫ ውስጥ የማየው እኔ ነበርኩ። ማታ ማታም የመኪና መብራት ጨረር እየበተነ ይወጋኝ ነበር።

ሐኪሟ በደንብ አስረዳችኝ። ከብሌናችን ጀርባ እንደ ውኃ የጠራ ሌንስ አለ። በዕድሜ ይደፈርሳል። መነጽር አያጠራውም፣ ጠብታም አይመልሰውም። ያለው መንገድ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው የሠራውን ሌንስ መተካት ነው። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቀደዳል፣ ሞራው በድምፅ ሞገድ ተሰባብሮ ይመጠጣል፣ የታጠፈ ሌንስ ገብቶ ውስጥ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ ስፌት የለውም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

አንድ ታሪክም ነገረችኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የፓይለቱ የፕላስቲክ መሸፈኛ በጥይት ሲሰባበር ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን ሐኪም ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ እንደማያስቆጣ አስተዋለ። በ1949 እንደ ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን ሌንስ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠርቶ ለሕመምተኛ አስገባ። ከተኩስ የመጣ መድኃኒት ነው ማለት ነው። ልቤን ነካው።

ለመሠራት ለመወሰን ሁለት ቀን በቃኝ። የከበደኝ የሌንሱ ምርጫ ነው። ወጣት ሳለን የዓይናችን ሌንስ ቅርፁን እየለወጠ ቅርቡንም ሩቁንም ያጠራል። የሚገባው ግን እንደዚያ አይለወጥም። ተራው ሌንስ የሚያጠራው አንድ ርቀት ነው። "የቱ ጥርት ብሎ እንዲታይህ ትፈልጋለህ?" አለችኝ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ቅርብም ሩቅም የሚያሳይ ሌንስ አለ። ከክበባችን አንዱ እሱን አስገብቶ ጋዜጣ ያለ መነጽር ያነባል፣ ደስተኛ ነው። ግን ማታ መብራት ዙሪያ ክብ ያያል። የኢላማው ጥቁርም እንደ ድሮው አልጠቆረለትም። ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ለቅርብና ለሩቅ ስለሚያካፍለው ነው። የኔ ችግር ደግሞ ጥቁርና ነጩን መለየት ነው። እሱን ተውኩት።

ሁለተኛው ሐሳብ ሌንሱን ለቀለበቱ ርቀት ማስለካት ነበር። ከዓይኔ እስከ ቀለበቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደዚህ አድልቶ ነበር። ክበቡ የጡረታ ቀኔ ነው፤ ማክሰኞ ባይኖር ሳምንቱ አይሞላልኝም። ሐኪሟ ግን "ዓይንህን በጠመንጃህ ልክ አታሰፋ፤ መነጽርህን በጠመንጃህ ልክ አሰፋ" አለችኝ። ዓይኔ ለሩቅ ከተለካ፣ ለተኩስ ግማሽ ዲዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ ነው) ያህል የተጨመረበት መነጽር አድርጌ ቀለበቱን ወደ ጥራት ማምጣት እችላለሁ። የኋላው ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ ራሱ ያግዛል። ሌንሱ ለ1 ሜትር ከተለካ ግን መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁልጊዜ የሩቅ መነጽር ልከተል ነው።

የቆረጠልኝ ግን መነጽሩ አይደለም። ባለፈው ለጥምቀት ስመጣ ጎንደር አየር ማረፊያ በር ላይ ቆመሽ እጅሽን ታወዛውዢ ነበር። አላወቅሁሽም። አልፌሽ ልሄድ ስል "የኔ ጌታ!" ብለሽ ተጣራሽ። በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ። ያኔ ደክሞኝ ነው አልኩ። አሁን አባባ መደቡ ላይ የተቀመጠው ይመጣብኛል። ስለዚህ ለሩቅ ይለካ አልኳት። ለሩቅ የተለካውን ተራ ሌንስ የጤና መድኑ ይከፍላል። ለማንበብ ደግሞ የንባብ መነጽር አደርጋለሁ።

አልፈራም ብል ውሸት ነው። ከመቶ ጊዜ ብዙው ደህና ነው ይላሉ፤ ግን ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው መጋረጃ ይላቀቃል። ሁሉንም ነግረውኝ ነው የፈረምኩት። ግራውን የሚሠሩት ቀኙ ከዳነ በኋላ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ልጅቷ ነግራኛለች፣ አትቆጪያት። ቡና ስትቀጂ ጣትሽን ሲኒው አፍ ላይ ታደርጊያለሽ አሉ፣ መሙላቱን በሙቀቱ ለማወቅ። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ ቡና በጠጣሁ ቁጥር ጣትሽ ይታየኛል።

"ሞራው ይብሰል" ብለሽ አትጠብቂ። እሱ የድሮ ነው። ሲበስል እየደረቀ ለማውጣት ይከብዳል። በአገራችን ከታወሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዚሁ በሞራ ሰበብ ነው ዓይናቸውን ያጡት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ እዚያው ይሠራሉ። ማሽን ባይኖር እንኳ በትንሽ ቀዳዳ በእጅ ያወጡታል፤ ሌንሱንም ያስገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ አይሰፋም። አንቺ ርቀት ለመምረጥ አትጨነቂ። ሲኒውንም በር ላይ የሚመጣውንም ሰው ትለያለሽ፤ ለመርፌ ክር መነጽር እልክልሻለሁ።

የትራንስፖርቱንና የምርመራውን ገንዘብ በልጅሽ ስም ልኬያለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታውዪው፣ በአባባ ይዤሻለሁ።

ሐሙስ የምገባው በእናንተ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ዓርብ መሸፈኛውን ያነሱልኛል። ለጥቂት ሳምንት ጠብታ አለኝ፤ ከባድ ነገር አላነሳም፣ ዓይኔን አላሽም። ወደ ጠመንጃው የምመለሰው ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ ነው። ነጠላሽን ከአልጋዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። ቅዳሜ ከቡና በኋላ በቪዲዮ እደውላለሁ፤ ልጅቷ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙራ ትያዝልሽ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ